የፕሮቨንስ ጥንታዊ ገዳማት፦ የትኛው ጋ፣ በስንት ሰዓት?

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከሮን ወንዝ እስከ ካን ባለው የፕሮቨንስ ምድር፣ ጥንታዊ ገዳም ወይም ካቴድራል ሳያጋጥም ረጅም መንገድ መንዳት አይቻልም። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። አስጎብኚዎች የሚያስቀድሙት በፎቶ የታወቀውን ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የመኪና ሰልፍና የሰው ጀርባ አይቶ ይመለሳል። እዚህ የምመዝናቸው በሌላ ሚዛን ነው፤ ቤቱ የታነጸበትን ዓላማ የሚያሳየው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት ነው? በዚያ ሰዓት መድረስ ካልተቻለ ሌላ ገዳም መምረጥ ይሻላል።

ዓመቶቹ፣ ወሮቹም ሆኑ በጋና ክረምቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ በር ላይ 14 የሚል ብታዩ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው።

በመጀመሪያ "ሦስቱ የፕሮቨንስ እኅቶች" የሚባሉት አሉ፤ ለ ቶሮኔ፣ ሴናንክ እና ሲልቫካን። ሦስቱም በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሲስተርሲያን መነኮሳት የተመሠረቱ ናቸው። ይህ ማኅበር በ1098 ሲቶ በተባለ ቦታ ተጀመረ፤ ዓላማው የቅዱስ ቤኔዲክቶስን የገዳም ሥርዓት በጥብቅ መጠበቅ ነበር። መነኮሳቱ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሥዕሉን፣ ባለ ቀለሙን መስተዋትና የተቀረጸውን ምስል አስወጡ። ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ በቅዱሳን ሥዕል የተሞላ መቅደስ የለመደ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ሲገባ ባዶ ቤት ሊመስለው ይችላል። ባዶ ግን አይደለም። ሥዕሉ ሲወጣ ብርሃንና ድምፅ ቀሩ፤ ሕንፃው በሙሉ ለእነዚህ ለሁለቱ ተሠራ። ብርሃን በሰዓት ይለዋወጣል፣ ድምፅም ጸጥታ ይፈልጋል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ አርባ ሰው ካለበት ቡድን ጋር የገባ ሰው ትኬቱን ከፍሎ ሁለቱንም ሳያገኝ ይወጣል።

ለ ቶሮኔ

አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ምርጫዬ ይህ ነው፤ በዚህ ላይ አላመነታም። ገዳሙ በቫር አውራጃ፣ በብሪኞልና በድራጊኛን መካከል በጫካ ውስጥ ነው። ግንባታው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ተጀምሮ በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ተጠናቀቀ። በአጭር ጊዜ በአንድ ሐሳብ ስለተሠራ፣ እንደ ሌሎቹ ዘመን በዘመን ላይ የተደራረበ አይደለም።

ፊት ለፊት ስትቆሙ ትልቅ በር ፈልጋችሁ ታጣላችሁ። ያሉት በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ በሮች ናቸው፤ ቤቱ ለመነኮሳት እንጂ ለምእመናን ጉባኤ አልተሠራምና የክብር በር አላስፈለገውም። ውስጡ ተጠርቦ እርስ በርሱ በጥብቅ የተገጣጠመ ድንጋይ ነው፤ መጋጠሚያው ላይ ጣት ብታስኬዱ መስመሩ በጭንቅ ይሰማችኋል። ጣሪያውም እንደ ግማሽ በርሜል የተቀለሰ ድንጋይ ነው። እንጨት የለም፣ መጋረጃ የለም፣ ምንጣፍ የለም፣ መስኮቶቹም ጠባብ ናቸው። ድምፅን የሚውጥ ነገር ስለሌለ አንድ ኖታ ለብዙ ሰከንድ አየር ላይ ይቆያል። የገዳሙ ዜማ ዝግ ያለና ባለ አንድ ድምፅ የሆነበት ምክንያት እዚህ በጆሮ ይገባል፤ መዘምራኑ ቢቸኩሉ ወይም አንዱ ከሌላው ቢለያይ የቀደመው ድምፅ ሳይጠፋ አዲሱ ይደርስና ሁሉም ይደበላለቃል።

ይህን ለመስማት ቤቱ ባዶ መሆን አለበት። በር ሲከፈት የመጀመሪያው ሰው ሁኑ፣ በቀጥታም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቡ፤ ሌሎች ጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ ፎቶ ለማንሣት ግቢው ውስጥ ይቆያሉ። መሐል ላይ ቁሙና አንድ ረጅም ድምፅ በለሆሳስ አውጡ። ጥበቃ ካለ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ማጨብጨብ ግን አያስፈልግም፤ ጩኸት ብቻ ነው የሚመልሰው። ጠዋት የመምጣት ሌላው ጥቅም ብርሃኑ ነው። በስተምሥራቅ ባለው ክብ መቅደስ ሦስት መስኮቶች አሉ፤ ፀሐይ በእነሱ ገብታ ግራጫውን ድንጋይ ወርቃማ የምታደርገው በመጀመሪያዎቹ የመክፈቻ ሰዓታት ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ መነኮሳቱ እያሰላሰሉ የሚዞሩበት ውስጠኛ ግቢ አለ። አራት ጎኑ በቅስት መተላለፊያ የተከበበ ነው፤ ፈረንሳዮች ክልዋትር ይሉታል። የዚህኛው ክልዋትር አራት ማዕዘን ትክክል አይደለም። ግንበኞቹ ተዳፋቱን ከመደልደል ይልቅ ስለተከተሉት አንዱ ጎን ከሌላው ይረዝማል፣ በአንዱ መተላለፊያም ደረጃ ትወርዳላችሁ። የግድግዳው ውፍረት ከአንድ ሜትር በላይ ነው። መንታ ቅስቶቹ በአንድ አጭር ዓምድ ላይ አርፈው፣ ከላያቸው ክብ ቀዳዳ አለ። ከሰዓት በኋላ፣ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የእነዚህ ቅስቶች ጥላ ወለሉ ላይ ሲረዝም ማየት ደግሞ ሌላ ጉብኝት ነው። ጊዜ ያለው ሰው ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑን፣ ከሰዓት በኋላ ክልዋትሩን ቢያይ ሁለቱንም ያገኛቸዋል። መነኮሳቱ ከማዕድ በፊት እጃቸውን የሚታጠቡበት ባለ ስድስት ጎን የውኃ ቤትም እዚያው ነው።

ስዊዘርላንድ የተወለደው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ በ1953 እዚህ የመጣው የላ ቱሬትን ገዳም ንድፍ ከመሥራቱ በፊት ለመማር ነበር። ዛሬም የአርክቴክቸር ተማሪዎች ደብተር ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠው ታገኛላችሁ፤ የሚረብሹ ሰዎች አይደሉም። ግድግዳው ላይ የምታዩት ስንጥቅ የእርጅና ብቻ አይደለም፤ በአካባቢው ለረጅም ዘመን የተካሄደው የቦክሳይት (አሉሚኒየም የሚወጣበት) ማዕድን ቁፋሮ መሬቱን አናግቶት ነበር። መንገድ ዳር የሚታየው ቀይ አፈር ያው ቦክሳይት ያለበት አፈር ነው።

ጉድለቱ መጓጓዣው ነው። የሕዝብ አውቶቡስን ተማምኖ መሄድ ቀን ያስበላል፤ መኪና ተከራዩ ወይም በርካታ ሆናችሁ ታክሲ ተጋሩ። ከኤክስ-አን-ፕሮቨንስ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ገዳሙ ምግብ ቤት ያለበት መንደር ውስጥ ሳይሆን ጫካ ውስጥ ስለሆነ፣ ውኃና ዳቦ ይዞ መሄድ ይገባል።

ሴናንክ

ከጎርድ መንደር በታች ባለው ሸለቆ፣ ላቬንደር ፊት ለፊቱ ያበበበት ግራጫ ገዳም፦ የፕሮቨንስ ፖስትካርድ ሁሉ እርሱ ነው። በ1148 ተመሠረተ፤ ዛሬም መነኮሳት ይኖሩበታል። ይህ ሕይወቱ ከሁለቱ እኅቶቹ ይለየዋል፤ ዋጋውን የሚሰጠውም ይኸው ነው እንጂ ላቬንደሩ አይደለም።

ላቬንደሩ የሚያብበው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው (በፈረንጆቹ ወር)፤ ከዚያ በኋላ ይታጨዳል፣ በነሐሴ የመጣ ሰው የተላጨ አረንጓዴ ረድፍ ያያል። በአበባው ሳምንታት ከጎርድ የሚወርደው መንገድ ጠባብ ነው፣ የመኪና ማቆሚያውም ቶሎ ይሞላል፤ እኩለ ቀን ላይ መድረስ ማለት ፀሐይ ላይ መሰለፍ ነው። ማሳው የመነኮሳቱ መተዳደሪያ ስለሆነ በረድፎቹ መካከል ገብቶ ፎቶ መነሣት ክልክል ነው፤ ሰው የረገጠው ተክል ይሰበራል፣ ምርቱም ይቀንሳል። ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ ፀሐይዋ ጠዋት ዘግይታ ትገባለች፤ ንጋት ላይ የመጣ ፎቶ አንሺ ማሳውን በጥላ ውስጥ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ሥርዓቱ ወደ ምሥራቅ አልዞረም፤ መሬቱ ስለማይበቃ መቅደሱ ወደ ሰሜን ነው። ፖስትካርዱ ላይ ከላቬንደሩ በስተጀርባ የሚታየው ክብ ግድግዳም የመቅደሱ ጀርባ ነው።

ጉብኝቱ በሰዓት የተወሰነ ነው፣ በበጋ ደግሞ አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ ያስፈልጋል። የሚታዩት የመኝታ አዳራሹ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ክልዋትሩ፣ የጉባኤ ክፍሉና እሳት የሚነድበት የጽሕፈት ክፍል ናቸው፤ መነኮሳቱ የሚኖሩበት ክፍል ዝግ ነው። ጎብኚዎች የሚያዘወትሩት አቤቱታ "መነኮሳቱን አላየንም" የሚል ነው፤ ገዳም የሚጎበኘው መነኩሴ ለማየት ከሆነ ስሕተቱ ከጎብኚው ነው። እነሱን ማግኘት የሚቻለው በጸሎት ነው። ለጸሎተ ሰዓታትና ለቅዳሴ የሚገባ ሰው ትኬት አይከፍልም። እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ እንጂ ለጉብኝት አትሂዱ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ በአበባው ወቅት ሄዳችሁ ከመናደድ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ሂዱ፣ መኪናውን ጎርድ አቁሙና በእግር ውረዱ። መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ድንጋያማ ስለሆነ ሰንደል አይሆንም፣ መልሱም ዳገት ነው። በሱቁ ማርና የላቬንደር ዘይት ይሸጣል፤ ከመንገድ ዳር መሸጫዎች ቢወደድም ገንዘቡ ለገዳሙ ይውላል።

ሲልቫካን

ሦስተኛዋ እኅት በላ ሮክ-ዳንቴሮን፣ በዱራንስ ወንዝ አጠገብ ናት፤ በ1144 ተመሠረተች። ከሦስቱ ሰው የማይበዛባት እርሷ ናት። ስታዩ የወለሉን ከፍታ አስተውሉ፤ ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለሆነ አንዱ ክንፍ ከመካከለኛው ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ የእርሻ ቤት ሆና ነበር። ከለ ቶሮኔ ቀጥሎ ለማየት ደስ ትላለች፤ ብቻዋን ግን ረጅም ጉዞ አታስኬድም። በበጋ የፒያኖ ፌስቲቫል ኮንሰርቶች ስለሚደረጉባት በዚያ ቀን ወንበርና መድረክ ቤቱን ይሸፍነዋል፤ ሙዚቃ ወዳድ ካልሆናችሁ ፕሮግራሙን አይታችሁ ሌላ ቀን ምረጡ።

ሦስቱን በአንድ ቀን የሚያዞሩ አሉ። አይመከርም። ከሴናንክ እስከ ለ ቶሮኔ ብቻ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱን በማይሆን ሰዓት ታያላችሁ።

አርልና ሞንማዡር

በባቡር ለሚጓዝ ሰው የተሻለው መነሻ አርል ነው፤ ከማርሴይ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ጣቢያውም ከአሮጌው ከተማ በእግር ይደረሳል።

የሳን ትሮፊም ቤተ ክርስቲያን ፊት የ12ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ቅርጽ ድንቅ ሥራ ነው። ከሲስተርሲያውያን ባዶነት ቀጥሎ ሲታይ ተቃራኒው ነው፤ ሁሉም ነገር ተቀርጿል። ከበሩ በላይ ክርስቶስ በዙፋኑ፣ በዙሪያው አርባዕቱ እንስሳ፣ ከሥር ሐዋርያት፤ በአንድ በኩል ጻድቃን ሲሄዱ፣ በሌላው ኃጥኣን በሰንሰለት ታስረው ሲጎተቱ ይታያል። የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ይህን ለማንበብ አስጎብኚ አያስፈልገውም። በሩ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ጠዋት ጥላ ነው፤ ቅርጾቹ ጎልተው የሚወጡት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ትንሽ መነጽር ከያዛችሁ የላይኞቹን ፊት ታዩበታላችሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ በነፃ ነው፤ ክልዋትሩ ግን በሌላ በር፣ በትኬት ነው። ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን አይቶ "አየሁት" ብሎ ይሄዳል። ያመለጠው ይበልጣል። የሰሜንና የምሥራቁ መተላለፊያ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሮማነስክ (ክብ ቅስት ያለው አሠራር)፣ የደቡብና የምዕራቡ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ጎቲክ (ሹል ቅስት ያለው) ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ቆማችሁ አንገት ብታዞሩ ሁለቱን ዘመን ታወዳድራላችሁ። በማዕዘን ዓምዶቹ ላይ ያሉትን የሐዋርያት ምስሎች ቀስ ብላችሁ እዩ። ከተማው ውስጥ የሮማውያኑን ቴአትርና አምፊቴአትርም የምታዩ ከሆነ፣ የጋራው ትኬት በየቦታው ከመክፈል ይረክሳል። በሐምሌ የሚጀምረው ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ሆቴሉን ያስወድደዋል፤ በሌላ ጊዜ የሚዘጉ፣ አገልግሎት ያቆሙ አብያተ ክርስቲያናት ግን ለኤግዚቢሽን ይከፈታሉ።

ሞንማዡር ከአርል በመኪና አሥር ደቂቃ ነው፣ በብስክሌትም ይደረሳል። በ948 የተመሠረተ የቤኔዲክታውያን ገዳም ነው። ዛሬ በሩዝና በስንዴ ማሳ የተከበበው ኮረብታ ያኔ ረግረግ የከበበው ደሴት ነበር፤ ረግረጉን ቀስ በቀስ ያደረቁት መነኮሳቱ ናቸው። ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው ከሁሉ በላይ የሚስበው የታችኛው ቤተ ክርስቲያን ይመስለኛል፤ በከፊል ከዓለት የተፈለፈለ ነው። ከላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን በተዳፋቱ ላይ ደልዳላ ወለል እንዲያገኝ ያደረገው ይህ የታችኛው ሕንፃ ነው፤ የላይኛውም ገንዘቡ አልበቃ ብሎ ሳይረዝም ቀርቷል። ውጭ፣ በዓለቱ ወለል ላይ፣ በሰው ቁመትና ቅርጽ የተፈለፈሉ መቃብሮች አሉ፤ ከዝናብ በኋላ ውኃ ይይዛሉ፣ ልጆችም ሊወድቁባቸው ስለሚችሉ እጃቸውን ያዙ።

ገዳሙ በመካከለኛው ዘመን ትልቅ የተሳላሚዎች መዳረሻ የሆነው በግማደ መስቀል ነው። ሜይ 3 ላይ በሚከበረው የመስቀል በዓል፣ ምእመናን በብዛት ይጎርፉ ነበር። ለዚሁ ክብር የተሠራችው በአራት ግማሽ ክብ የተዋቀረች የቅዱስ መስቀል ጸሎት ቤት ከግቢው ውጭ ብቻዋን ቆማለች። ግሸን ማርያምን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል፤ አንድ ቅዱስ ንዋይ ኮረብታን የአገር ሁሉ መንገድ መጨረሻ ሲያደርገው ማለት ነው። ጸሎት ቤቷ ብዙ ጊዜ ዝግ ናት፣ ከመንገድ ግን በደንብ ትታያለች።

በ1369 የተሠራው የመከላከያ ግንብ 26 ሜትር ከፍታና 124 ደረጃ አለው። ሊፍት የለም። ከላይ አርል፣ የአልፒይ ተራሮችና ሜዳው ይታያሉ። በሰሜናዊው ሚስትራል ነፋስ ቀን ኮፍያና ስልካችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ነፋሱ ሲበረታ አናቱ ላይ መቆም አይቻልም። ሠዓሊው ቫን ጎግ በ1888 ከአርል በእግሩ እየመጣ ይህን ኮረብታና ፍርስራሹን ደጋግሞ ሥሎታል። እዚህ ለ ቶሮኔ ያለው ፍጹምነት የለም፤ የተጀመረ፣ የተተወ፣ የፈረሰ፣ እንደገና የተገነባ ታሪክ ግን በአንድ ግቢ አለ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡለት።

ማርሴይ፦ ሳን ቪክቶር

ለተዋሕዶ ምእመን ልዩ ትርጉም ያለው ይህ ነው፤ በአስጎብኚ መጻሕፍት ውስጥ ግን የሚገባውን ቦታ አያገኝም። ዮሐንስ ካሲያን በግብጽ በረሃ፣ በአስቄጥስ አባቶች ዘንድ ዓመታት ኖሮ፣ የሰማውን ትምህርትና ያየውን ሥርዓት ይዞ በ415 ገደማ ማርሴይ መጣ። የዚህ ገዳም መሥራች እርሱ እንደሆነ ይነገራል። የምዕራቡ ምንኩስና ብዙውን ነገር ያገኘው በጽሑፎቹ በኩል ነው። የእኛም ምንኩስና ምንጩ ያው የግብጽ በረሃ ነው፤ በትውፊት አቡነ አረጋዊ የአባ ጳኩሚስን ሥርዓት ይዘው እንደመጡ ይነገራል። ስለዚህ ደብረ ዳሞና ሳን ቪክቶር ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው ማለት ይቻላል።

ከውጭ ሲታይ ምሽግ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይመስልም፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የቀድሞው አበምኔቱ፣ የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባን 5ኛ ግንቡን አጠናከረው። ላይኛው ቤተ ክርስቲያን በነፃ ነው። ዋናው ግን ምድር ቤቱ ነው፤ በጥቂት ዩሮ ትኬት ተቆርጦ ይወረዳል። የ4ኛውና የ5ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ሣጥነ መቃብሮች፣ በዓለት ላይ የተሠሩ ጸሎት ቤቶችና ጥቁሯ የእመቤታችን ምስል እዚያ ናቸው። ዘወትር ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ደረጃውም የሚያንሸራትት ነው፤ ብርሃኑም ስለሚያንስ ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ቁሙ። ከውጪው 35 ዲግሪ በቀጥታ የገባ ሰው ይበርደዋል፤ ነጠላ ወይም ቀጭን ሹራብ ይበቃል።

በፌብሩዋሪ 2፣ ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓል ሲከበር (እኛ የካቲት 8 የምናከብረው)፣ ጥቁሯ ምስል ከምድር ቤት ወጥታ ገና ሳይነጋ ሕዝቡ አረንጓዴ ሻማ ይዞ ይከተላታል። ከገዳሙ አጠገብ፣ ከ1781 ጀምሮ የሚሠራ ዳቦ ቤት በጀልባ ቅርጽ የተጋገረ፣ በብርቱካን አበባ ውኃ የተቀመመ ደረቅ ብስኩት ይሸጣል። ቶሎ አይበላሽምና ለስጦታ ይሆናል።

ከማርሴይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የሳን-ማክሲማን ባዚሊካ በ1295 የተጀመረ ትልቅ ጎቲክ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የፊት ግድግዳው ሳያልቅ ቀርቷል። በምድር ቤቱ የማርያም መግደላዊት ነው የሚባለው የራስ ቅል ይታያል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦርጋኑ በፈረንሳይ ከታወቁት ነው፤ ኮንሰርት ያለበትን ቀን ካገኛችሁ ጉዞውን በእርሱ ላይ አስተካክሉ። መግደላዊት ኖረችበት የሚባለው የሳንት-ቦም ዋሻ ከሥር ካለው ማረፊያ በጫካ ውስጥ 45 ደቂቃ ያህል ያስወጣል፣ መጨረሻው 150 ደረጃ ነው። የደከመ ጉልበት ያላቸው እናቶችና አባቶች በዝግታ ይወጡታል፤ ውኃ ግን አይርሱ።

ምን ይበላሻል?

ብዙ ጉዞ የሚበላሸው በምሳ ሰዓት ነው። ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናትና አንዳንድ ገዳማት ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ይዘጋሉ። የመጨረሻ መግቢያውም ከመዝጊያው ቀደም ብሎ ነው፤ 12 ሰዓት ይዘጋል የተባለ ቦታ 11 ተኩል ላይ ትኬት ላይሸጥ ይችላል። በክረምት ሰዓቱ ያጥራል፣ ሰኞ የሚዘጉም አሉ። ጃንዋሪ 1፣ ሜይ 1 እና ዲሴምበር 25 ለ ቶሮኔና ሞንማዡር ዝግ ናቸው። ሁለቱ በመንግሥት የሐውልቶች ማዕከል ስለሚተዳደሩ ከ18 ዓመት በታች ያሉ በነፃ ይገባሉ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገር በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶችም እንዲሁ። በስዊድን፣ በጀርመን ወይም በጣሊያን ያላችሁ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ልጆቻችሁ አይከፍሉም፤ ሳይዙት ሄደው የሚከፍሉ ብዙ ናቸው።

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሌላ መሰናክል አለ፤ የሰደድ እሳት ሥጋት። የየአውራጃው አስተዳደር በዋዜማው ምሽት የጫካዎቹን ካርታ በቀለም ያወጣል፤ በከፍተኛ ሥጋት ቀን የእግር መንገዶች ይዘጋሉ። የሳንት-ቦምን ዋሻ የመሰለ በጫካ የሚደረስ ቦታ ያቀደ ሰው ማታውኑ ይመልከተው። በዚያ ወቅት ሲጋራና ሻማ ጫካ አጠገብ አይለኮስም። መኪና ማቆሚያዎች ላይ ስርቆት ያጋጥማልና ፓስፖርትና ቦርሳ መኪና ውስጥ አትተዉ፣ ሻንጣም ከኋላ መቀመጫ ላይ አይታይ።

ጫማ ማውለቅ እዚህ ሥርዓት አይደለም። ወንድ ኮፍያውን ያወልቃል፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ይጠበቃል፣ መነኮሳት በሚኖሩበት ገዳም ደግሞ አጥብቆ ይጠበቃል። ቅዳሴ ላይ ከገባችሁ ከኋላ ቁሙ ወይም ተቀመጡ፣ ካሜራውን ኪስ ውስጥ ክተቱ፣ እስከ ፍጻሜው ቆዩ። ቁርባኑ ለካቶሊካውያን ነው።

በፍልሰታ ጾም (ኦገስት 7 እስከ 21) የሚጓዝ ሰው የሚበላው ነገር አያጣም፤ ግን መጠየቅ አለበት። የማርሴይ ፓኒስና የኒስ ሶካ ከሽምብራ ዱቄት፣ ውኃና የወይራ ዘይት የሚሠሩ ናቸው። ራታቱይ አትክልት ብቻ ነው። የሚያሳስቱት ሁለት ናቸው፤ የወይራው ታፔናድ ብዙ ጊዜ አንቾቪ የሚባል ዓሣ አለበት፣ የፒስቱ ሾርባም አይብ ይጨመርበታል። ፉጋስ የተባለው ዳቦም በወይራ ብቻ የተሠራውን ለይታችሁ ግዙ፤ ሥጋ የተከተተበት አለ። ኦገስት 15 በፈረንሳይ የእመቤታችን ዕርገት በዓልና የሥራ መዝጊያ ቀን ስለሆነ ሱቆች ይዘጋሉ፣ አውቶቡስም ይቀንሳል።

ሳን-ቶኖራ ደሴት

ከካን ወደብ በጀልባ 20 ደቂቃ ያህል የምትርቅ ትንሽ ደሴት ናት። ቅዱስ ሆኖራቱስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገዳም የመሠረተባት ስትሆን ዛሬም የሲስተርሲያን መነኮሳት ይኖሩባታል፤ ሴናንክም ከዚህ ማኅበር ጋር የተያያዘ ነው። መኪና የለም። ወይን ይተክላሉ፣ ጠጁንም ራሳቸው ይጠምቃሉ፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። በባሕሩ ዳር ያለው የተመሸገ ገዳም ከባሕር ወንበዴዎች ለመዳን የተሠራ ግንብ ነው። ዙሪያዋን በእግር ለመዞር አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፣ በመንገዱም ትንንሽ ጸሎት ቤቶች ታገኛላችሁ።

ለጸሎት ማደር የሚፈልግ ሰው የገዳሙን ማረፊያ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ሆቴል አይደለም፣ ጸጥታው ይጠበቃል፣ የማዕድ ሰዓቱም የመነኮሳቱ ነው። ለቀን የሚሄድ ሰው በመጀመሪያው ጀልባ ቢሻገር ቀኑ ሳይሞቅ ደሴቷን ይዞራል። ትኬቱ የደርሶ መልስ ነው፤ ስትገዙ የመመለሻውን የመጨረሻ ጀልባ ሰዓት ጠይቁና ጻፉት፣ በክረምት ቀደም ብሎ ነውና። የሚቀጥለው የሚመጣው ነገ ጠዋት ነው።